በድርቆሽ መጋዘን የተቀረጸ ድራም

ፉንዲ ሚሊዮን ያን ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር፤ ለጸሎት ግን አልነበረም። ክንዱን እስከ ትከሻው በእግር በሚመታው ትልቅ ከበሮ ሆድ ውስጥ ከትቶ አሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቀጥቃል።

«ምቺው እስቲ» አለ ቀና ሳይል።

ከድራሙ ኋላ የተቀመጠችው ሮዛ ፔዳሉን ረገጠች። ዱም።

«አሁንም የባዶ በርሜል ድምፅ ነው ያለው።»

«ሌላ ብርድ ልብስ ከእናንተ ቤት ላምጣ ጋሼ?»

«ተይው። ደሚቱ ይህንንም መውሰዴን ገና አላወቀችም።»

ደሚቱ ሚስቱ ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃና ትራስ ከቤቷ እየወጣ ድምፅ ማፈኛ ሲሆን ያየች ሴት። ሞያሌ ላይ ግንበኛውም፣ ጄነሬተር ጠጋኙም፣ ልብስ ሰፊውም ሁሉም «ፉንዲ» ነው፤ ሚሊዮን ግን ፉንዲ ከመባሉ በፊት አሥር አለቃ ነበር። ጠመንጃ ሳይሆን ገመድ የሚሸከም አሥር አለቃ፣ የክፍለ ጦሩ ኦርኬስትራ የድምፅ ሠራተኛ። መንግሥት ሲለወጥ ጓደኞቹን ተከትሎ ድንበሩን ተሻገረ፤ ዋልዳ በተባለ መጠለያ ከስደተኛው ጋር ድንኳን ውስጥ ከረመ። ከጓደኞቹ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ ናይሮቢ ገባ። እሱ የአንድ ነጋዴ ማጉያ ጠግኖ፣ ቀጥሎ የመስጊድ፣ ቀጥሎ የሰርግ ቤት ጠግኖ፣ እንዲሁ ሲጠግን ሞያሌ ኬንያ ላይ ቀረ። አሁን ወገቡ ሲጎነበስ ይዘዋል፤ ሲቃና ደግሞ ይብሳል። ሰው ስለ ሥራው ሲጠይቀው «ሥራዬ ገመድ መዘርጋትና ገመድ መጠቅለል ነው፤ በመሐሉ ሰዎች ያወራሉ» ይላል።

የዚያ ቀን ሥራ ግን ሌላ ነበር። መዘምራኑ የመዝሙር ስብስብ ሊያወጡ ነው፤ ከዚህ በፊት ያወጡት ሁሉ ምቱ ከኪቦርድ የወጣ የመሣሪያ ምት ነበር። እውነተኛ ድራም የተገኘው በቅርቡ ነው፤ እሱን የምትመታው ደግሞ ሮዛ ናት። ሮዛ ቀን ቀን ኤም-ፔሳ የገንዘብ መላኪያ ሱቅ ትውላለች፤ በልጅነቷ የሚሊዮን መጠገኛ ቤት ደጃፍ ላይ ጄሪካን ደርድራ ስትደበድብ ነው ያደገችው። ድራም አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ፊት ቆሞ «ይህቺ ልጅ ትችላለች» ያለውም እሱ ነው።

ችግሩ የአዳራሹ ጣሪያ ነው። በፋሲካ ሰሞን ሲሞክሩት ቆርቆሮው ድምፁን እየመለሰ፣ ግድግዳው እየደገመ፣ የተቀረጸው በረዶ የጣለ ይመስል ነበር። የመዘምራኑ መሪ ዲንቁ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፣ ኪቦርድ የሚጫወተው እሱ ነው፣ ላፕቶፑም የእሱ ነው፤ ያኔ ሳይቆጣ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። የተቀረጸውን ይዞ በመጪው ሰኞ ናይሮቢ ይወርዳል። እስከዚያ ድራሙ ካማረ ድራሙ ይገባል፤ ካላማረ የኪቦርዱ ምት ይገባል። የኪቦርዱ ከገባ ደግሞ ኮሚቴው ድራሙን ለኦቦ ቅርንጫፍ ቤተ ክርስቲያን ሊሰጠው ወስኗል። ኦቦ ሩቅ ነው፣ መንገዱም መንገድ አይባል። ሮዛ ሌላ ድራም የላትም።

ሚሊዮን ብርድ ልብሱን ጨርሶ ወደ ማይኮቹ ዞረ። አራት ናቸው። ሁለቱ ወፍራሞች፣ ቢወድቁም ቢረገጡም የማይሞቱ፣ የምርጫ ቅስቀሳ ምራቅ የጠገቡ። ሁለቱ ቀጫጭኖች ናቸው፤ ከሚክሰሩ፣ ከድምፅ ማደባለቂያው፣ በገመዳቸው ኤሌክትሪክ ካልመጣላቸው አይሰሙም፤ ነፋስ ሲነካቸው ይጮኻሉ፤ አቧራ አይወዱም። ሞያሌ ላይ ደግሞ ከነፋስና ከአቧራ ሌላ ምን አለ?

አንዱን ወፍራም በትልቁ ከበሮ የፊት ቀዳዳ አስገባው። ወደ መምቻው በጣም ከቀረበ ጠቅ ጠቅ ብቻ ይሰማል፤ በጣም ከራቀ ማጉረምረም ብቻ። ትንሽ አስገብቶ፣ ትንሽ አውጥቶ፣ መሐሉን ፈለገ። ሁለተኛውን ወፍራም ስኔሩ ላይ ተከለው፤ ስኔር ማለት ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት፣ ሲመታ ጠሽ የሚለው ትንሹ ከበሮ ነው። ይህ ማይክ ጀርባውን የሰጠውን ነገር እምብዛም አይሰማም፤ ስለዚህ ጀርባውን አጠገቡ ላሉት የናስ ሳህን የመሰሉ ጥንድ ሲምባሎች ሰጠ። ቀጫጭኖቹን ከላይ ግራና ቀኝ ሰቀላቸው። ቋጠሮ ያለባት ሲባጎ ከኪሱ አውጥቶ ከስኔሩ እምብርት እስከ አንዱ፣ ከዚያም እስከ ሌላው ለካ።

«ይህ ሲባጎ ደግሞ ለምን አስፈለገህ?» አለች ሮዛ። መልሱን ታውቀዋለች፤ እንዲያወራ ብላ ነው።

«ድምፁ አንዱ ጋ ቀድሞ ሌላው ጋ ዘግይቶ ከደረሰ፣ ሲገናኙ ይበላላሉ። ለሁለት ሌባ ማካፈል ነው፤ እኩል ካልሰጠሻቸው ሁሉንም ያጠፉብሻል።»

ዲንቁ ላፕቶፑን ሲከፍት ሙደሲር በራፉ ላይ ታየ። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ግንቡን ተጋርቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ይኖራል። ጫማውን በልማድ ደጃፉ ላይ አውልቆ በካልሲው ገባ።

«ሚሊዮን ወንድሜ፣ አጎቴ ሐጂ ጉዮ ከሱብሒ ሶላት በኋላ አረፉ።»

ሚሊዮን ሲባጎውን ጥሎ ሁለቱን እጆቹን ያዘውና በስዋሂሊ አጽናናው። «ፖሌ ወንድሜ። ፖሌ ሳና። አላህ ይማራቸው። ቀብሩ መቼ ነው?»

«ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ። ሰው ከዳበልም ከኦቦም ይመጣል። የሼሁ ድምፅ ያለ ማጉያ ለሁሉ አይዳረስም።»

«ማይኩም፣ ማጉያውም፣ እኔም አለን። ሂድ፣ እንግዳህን ተቀበል።»

ሙደሲር ስለ ድራሙ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መናገርም አላስፈለገውም። እዚህ ሰፈር ሬሳ ባለበት ከበሮ አይመታም፤ የሞተው ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ የሰርግ መኪና እንኳ ጥሩምባውን ይዞ ነው የሚያልፈው። ለቅሶው እስኪነሣም እንደዚያው ነው። ማይክ ያለው ሰው ደግሞ ለቀብር አይከለክልም፣ ኪራይም አያነሣም፤ ዕቃውም ለቀስተኛው እስኪበተን ከዚያው ይከርማል። ይህን ማንም አላወጀውም። ማንም ሲያፈርሰውም አልታየም።

ሙደሲር ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

«እንግዲህ» አለ ዲንቁ፣ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ እየከደነ። «ጋሽ ሚሊዮን፣ አንተም ደክሞሃል። የእግዜር ሥራ ነው፣ ማንንም አንወቅስም። የኪቦርዱ ምት ይግባና ይለቅ።»

ሚሊዮን የድምፅ ማጉያው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር ልቡ «እሺ» ልትል ከጅሏት ነበር። እሺ ቢል ገመዱን ጠቅልሎ፣ ቀብሩን ቀብሮ፣ ቤቱ ገብቶ እግሩን ውኃ ውስጥ ይከታል። ማንም አይወቅሰውም፤ ምክንያቱ ራሱ በእግሩ መጥቶለታል።

ሮዛ አልለመነችም። ዱላዎቿን በጨርቅ ከረጢታቸው ከተተችና አፉን አሰረች።

«ወደ ኦቦ የሚወስዱት መቼ ነው?» አለች። «ቆዳውን ላላ አድርጌ ልላከው፤ መንገድ ላይ እንዳይቀደድ።»

ሚሊዮን ተነፈሰ። «ለቅሶ የሌለበት፣ ሰው የማይሰማን ቦታ የት አለ?»

«ጋሼ ተወው…»

«ጠየቅሁሽ እኮ!»

«ከከተማው ወጣ ብሎ ቡቲዬ። የወዳጅህ የጂሎ መጋዘን። ግን አሁን በድርቆሽ ተሞልቷል።»

«በምን?»

«በድርቆሽ። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ለፍየል ብሎ እየገዛ እስከ ጣሪያው ቆልሎታል።»

ሚሊዮን ከሣጥኑ ላይ ተነሣ፤ ወገቡ ጮኸበት። «ፍየል ድርቆሽ ይበላል፤ ድርቆሽ ድምፅ ይበላል። ዲንቁ፣ ፒክ-አፕ ፈልግ። ድራሙን፣ ሚክሰሩን፣ ቀጫጭኖቹን ሁለት ማይኮች ውሰዱ። ወፍራሞቹና የማይክ ማቆሚያዎቹ ስታንዶች ለቀብር ይቀራሉ፤ ቀጫጭኖቹ ነፋስ ላይ አይሆኑም።»

«በሁለት ማይክ ብቻ ድራም?»

«እሱን እዚያ እንጨነቅበታለን።»

«አንተስ?»

«እኔ የጎረቤቴን ቀብር ትቼ ድራም ልቀርጽ? ከቀብር በኋላ እመጣለሁ።»

ቀኑን እንዲህ ዋለ። ማጉያውን ከሙደሲር ግቢ ተከለ፤ ስታንዱ እንዳይወድቅ በዚያችው ሲባጎው ከምሰሶው ጋር አሰረው። ከዚያ ሌላ ባትሪ፣ ሌላ ገመድ ይዞ መቃብሩ ጋ ወረደ። ሜዳው ላይ ነፋሱ ማይኩ ውስጥ እየገባ ያጉረመርም ነበርና ሙደሲር ከሻሹ ጫፍ ቀዶ ሰጠው፤ ሚሊዮንም በጨርቁ የማይኩን አፍ ጠምጥሞ ሸፈነው። ሼሁ ሲናገሩ ከኋላ የቆመው እረኛ ሳይቀር ሰማ። ሚሊዮን እንደ ሌላው ሁሉ አፈር አለበሰ፣ እንደ ሌላው ሁሉ እጅ ጨበጠ። ማንም እስኪሸኘው አልጠበቀም፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ኋላ ተፈናጦ ወደ ቡቲዬ ገሰገሰ።

ጂሎ በራፉ ላይ ሆኖ ተቀበለው። ፍየል ነጋዴ ነው፣ የልብ ወዳጁ።

«ያ ሚሊዮን! ኮቱ፣ ግባ! ብቻ ልንገርህ፣ ፍየሎቼ ደንግጠው ወተት ቢያቆሙ ያን ድራም አርጄ ነው የምበላው።»

«ቆዳው ፕላስቲክ ነው፤ አይበላም።»

ሚሊዮን ደጁ ላይ ቆሞ አንዴ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሄዶ አልተመለሰም። በሦስት ጎን እስከ ጣሪያው የተቆለለው ድርቆሽ ዋጠው። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላላ አለ።

ሮዛና ዲንቁ ድራሙን ልክ እንደ ጠዋቱ አድርገው ተክለውት ጠበቁት፤ ብርድ ልብሱ እንኳ ሆዱ ውስጥ ነው።

«አውጪው።»

«ጠዋት ሙሉ ስትጠቀጥቀው የዋልከውን?»

«እዚያ ቤቱ ይጮኽ ስለነበር ከበሮውን ዝም ማሰኘት ነበረብኝ። እዚህ ቤቱ ዝም ብሏል፤ ከበሮው ራሱ ይናገር።»

ዲንቁ ሚክሰሩንና ላፕቶፑን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቷል። ሚሊዮን አንዱን ቀጭን ማይክ ከጣሪያው ወራጅ በገመዱ አንጠልጥሎ ከስኔሩ በላይ አወረደው። ሁለተኛውን በሮዛ ቀኝ፣ መሬት ላይ ከሚቆመው ከበሮ ማዶ፣ አሻግሮ ስኔሩን እንዲያይ ፈለገው። ስታንድ የለም። የጂሎን መንሽ አንሥቶ እጀታውን የድርቆሽ እስር ውስጥ ሰካ፤ ማይኩን በመንሹ ጣቶች መሐል በጨርቅ አሰረው። ሲባጎዋን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተና ለቀስተኛ ቤት መቅረቷ ትዝ አለው።

«በክንድ እንለካለን። እኔ የላይኛውን፣ አንቺ የቀኙን። ከስኔሩ እምብርት ሁለት ክንድ።»

ለኩ። ሮዛ ተቀመጠች፤ ዲንቁ በሄድፎን የመዝሙሩን ኪቦርድ ለቀቀላት፤ መታች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደለመደችው መታች፣ ሕዝብ እያጨበጨበ፣ ሰባኪ እየጮኸ የሚመታውን ዓይነት። ዲንቁ ሄድፎኑን ከጆሮው አሸሸ።

«ሲምባል ብቻ ነው። ሌላው ከሥሩ ተቀብሯል።»

ሮዛ ዱላውን ጭኗ ላይ ጣለች። «እንግዲህ በአቅሜ ነው የመታሁት!»

«እሱ ነው ጥፋቱ» አለ ሚሊዮን፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ። «አራት ማይክ ቢኖር አንቺ ትደበድቢያለሽ፣ እኔ እዚያ ጋ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ከፍ አደርጋለሁ። አሁን ዝቅ የማደርገው ነገር የለኝም። ማደባለቂያው እጅሽ ነው። ሲምባሉን ዝንብ እሽ እንደምትይ ንኪው። እግርሽን ግን አትማሪው፤ እርገጪ።»

«እንደዚያ መትቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

ሚሊዮን ወገቡን ይዞ ተነሣ። እንደገና መታች። ሲምባሉ ወረደ፣ እግሩ ወጣ። ዲንቁ ግን አሁንም ግንባሩን ቋጥሯል። አንድ ቁልፍ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ።

«ይገርማል። አንዱን ማይክ ብቻ ስከፍት ስኔሩ ወፍራም ነው። ሌላውንም ለብቻው ስከፍት ወፍራም ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስከፍት ይቀጥናል፤ ቆርቆሮ የምትነካ ይመስላል።»

ሚሊዮን ማይኮቹን አየ። ላዩንም ቀኙንም አየ። ሌላ ቀን ቢሆን ነገሩ ሳይነገረው ይገባው ነበር፤ አሁን ግን ጭንቅላቱ ውስጥ የመቃብሩ አቧራ የገባ ይመስል ምንም አልመጣለትም። በመስኮቱ በኩል የሚገባው ብርሃን ቀልቷል። መጋዘኑ መብራት የለውም።

«በምን ነበር የለካችሁት?» አለ ዲንቁ።

«በክንድ።»

«በማን ክንድ?»

ሚሊዮን የራሱን ክንድ ዘረጋ። ሮዛ የራሷን ከጎኑ አኖረች። የእሷ መካከለኛ ጣት የእሱ መዳፍ አጋማሽ ላይ አለቀ።

ጂሎ ድርቆሹ ላይ ወደ ኋላው ወድቆ ሳቀ። «ዋቃ! ሴቶቹ ገበያ ጨርቅ ሲገዙ ሚስቴን ሀሊሞን ለምን ጎትተው ይዘው የሚሄዱ ይመስላችኋል? በእሷ ረጅም ክንድ ሲለካ ለሁለት ቀሚስ የተገዛው ለሦስት ይበቃል! አሥር አለቃ፣ አንተን ጨርቅ ቤት ማንም አያስገባህም።»

«ሲባጎዬ ለቅሶ ቤት ቀረች» አለ ሚሊዮን፤ አፈረም፣ ሳቁም መጣበት፣ ሁለቱንም ለማድረግ ደከመው።

ሮዛ የራስ ሻሿን ፈታች። አንዱን ጫፍ ስኔሩ እምብርት ላይ በጣቷ ይዛ ሌላውን ወደ ላይኛው ማይክ ወጠረች፤ ማይኩ ጋ ሲደርስ ቋጠረችው። ቋጠሮውን ይዛ ወደ ቀኝ ዞረች። መንሹ ላይ ያለው ማይክ በጣም ቀርቦ ነበር። ዲንቁ የድርቆሹን እስር በጉልበቱ እየገፋ አራቀው፣ «ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ!» እስክትል ድረስ።

«ጸጥታ» አለ ዲንቁ፣ ሄድፎኑን እየደፋ።

ሮዛ ዓይኗን ጨፈነች። በዱላ ቆጥራ ገባች። አሁን አልደበደበችም። ሲምባሉ ላይ ዱላዋ ሲያርፍ የሚሰማ አይመስልም ነበር፤ ትልቁ ከበሮ ግን መሬቱን ይዞ ሄደ፣ ስኔሩም በመሐሉ እያንዳንዱን ቃል ነጠላ አድርጎ ተናገረ። ትከሻዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚሆነው አልዘለለም። መዝሙሩ ሲያልቅ የመጨረሻው ሲምባል ድርቆሹ ውስጥ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ልክ ጠፍቶ ከማለቁ ከደጅ አንዲት ፍየል ረጅም አድርጋ ጮኸች።

ዲንቁ የተቀረጸውን ከመጀመሪያው ከፍቶ ሰማ። ሮዛ ፊቱን ታያለች፤ ፊቱ ምንም አይልም። ግማሽ ላይ እጁን ወደ ላፕቶፑ ሰዶ አንድ ነገር ነካ። እስከ መጨረሻው ሰማ። ሄድፎኑን አወለቀ።

«ምኑን ነው የነካኸው?» አለች።

«የኪቦርዱን ምት ሰረዝሁት። ከዚህ ወዲያ አያስፈልገንም። ሁለተኛውን መዝሙር፣ ሳይጨልም!»

ሮዛ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ትንሽ ቆይታ በጣቶቿ መሐል፣ «ፍየሏስ?» አለች።

«ፍየሏን እቆርጣታለሁ።»

«ኧረ ባክህ!» አለ ጂሎ። «መጀመሪያ ዋጋ እንነጋገር።»

«ጋሼ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለች ሮዛ ወደ ሚሊዮን ዞራ። «ስኔሩ ተስተካከለ?»

ሚሊዮን በሩ አጠገብ የድርቆሽ እስር ተደግፎ፣ እግሮቹን ዘርግቶ፣ የመቃብሩ አፈር ከጫማው ሳይራገፍ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል።

ጂሎ ጎንበስ ብሎ አየው። «እንዴ! ይህ ሁሉ ሲደበደብ ተኛ?»

«ተወው» አለ ዲንቁ። «ቅር ያለው ነገር ቢኖር እስካሁን ነቅቶ ይጮኽብን ነበር።»

ሮዛ ዱላዎቿን አነሣች። ለሁለተኛው መዝሙር የቆጠረችው፣ እሱን እንዳትቀሰቅስ፣ በዱላ ሳይሆን በከንፈሯ ነበር።